አንድ ቀን በደን ውስጥ፤ ለአምደወርቅና ለአካባቢው ገበሬዎች የተዘጋጀ የቡድን ጉዞ ትምህርት



ገበሬ መሬቱን በየቀኑ ያያል። ነገር ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ብዙ ጊዜ ልብ ሳይባል ያልፋል። በደብራችሁ ዙሪያ የቆመውን ደን ስንት ጊዜ አልፋችሁበታል? ለቅዳሴ፣ ለክርስትና፣ ለቀብር፣ ለጠበል ስትሄዱ በጥላው አርፋችኋል። ይሁን እንጂ ጎንበስ ብሎ ከትልቁ ዛፍ ሥር ስንት ቡቃያ እንዳለ የቆጠረ ሰው ከመካከላችሁ ይኖር ይሆን? የዚህ ትምህርት ዓላማ በአንድ ቀን የቡድን ጉዞ ይህን እንድትቆጥሩ፣ ከቆጠራችሁም በኋላ አንድ ሥራ እንድትጀምሩ ነው።

1. የምታዩት ምን ዓይነት ደን ነው?

የአገራችን ደን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ በከፋና በሸካ፣ እንዲሁም ከባሌ ተራሮች በስተ ደቡብ በሐረና ያለው የዝናብ ደን ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ስለሚዘንብ ደኑ ሁልጊዜ እንደ ለመለመ ይኖራል። ዛፎቹ በደረጃ ይቆማሉ፤ ከላይ ረጃጅሞቹ፣ ከእነርሱ በታች ቡናው፣ እርጥበት ባለበት ሥፍራም ኮረሪማው ይገኛል። ቡናው ሰው ሳይዘራው በዱር ይበቅላል። የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካውም በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብተዋል።

የዋግ ደጋ ግን እንደዚያ አይደለም። ዝናባችን በአብዛኛው በክረምት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ አለ። ስለዚህ የእኛ ደን የደረቅ ደጋ ደን ይባላል። ዋነኞቹ ዛፎቹ ጽድና ወይራ ሲሆኑ፣ እንደ ቦታው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ፣ ግራር፣ ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋም፣ ቀጋና ቆንጥር አብረው ይገኛሉ። ሁለቱ ደኖች በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ይኸውም የወደቀው ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል፤ የተሸፈነው መሬት ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ በጠጣው መሬት ላይ ቡቃያ ይነሣል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ፣ ዛፉ ለጊዜው ቢቆምም ደኑ መሞት ጀምሯል ማለት ነው።

በዋግ ኽምራ ይህ ደን ቀድሞ የሸፈነው መሬት አሁን በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ፣ በገደላ ገደልና ከብት እንዳይገባባቸው በተከለሉ ተራሮች ላይ ነው። ለጉዞአችን የምንመርጠውም ከአምደወርቅ ዙሪያ ካሉት ደብሮች የአንዱን ደን ነው።

2. ነገሩ የሚያስቸኩል ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ደን ቢጠፋም ዘሩ መሬት ውስጥ ስላለ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይበቅላል» ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ለአረም እውነት ነው፤ ለደጋ ዛፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ፣ በደኑ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር እንጂ የዛፍ ዘር አለመሆኑን አይተዋል። እንግዲህ የጽዱና የወይራው ጎተራ አፈሩ ሳይሆን ቆሞ የሚያፈራው ዛፍ ራሱ ነው። ዛፉ ሲያልቅ ጎተራው አብሮ ይዘጋል።

እኚሁ ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። በአጥር የተከለለውን ክፍል ከብት ከሚገባበት ክፍል ጋር ሲያነጻጽሩም፣ ከብት በሚገባበት ዘንድ ቡቃያው እጅግ እንደሚቀንስ ተረድተዋል።

አንድ ገበሬ «እኛ የደብሩን ዛፍ አልቆረጥንም፤ ታዲያ ደኑ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እነሆ፤ ወንድሜ ሆይ፣ በሬ መጥረቢያ አይዝም። ነገር ግን ዛሬ የበቀለውን ቡቃያ ዛሬ ከበላው፣ የነገውን ዛፍ ቆርጦታል። ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመውበት ልጅ ያጣ ደን ወራሽ እንደሌለው ቤት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ሽማግሌዎቹ በየተራ ሲወድቁ ግን የሚተካቸው የለም።

3. ከጉዞው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ሀ. ፈቃድ። የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከቀበሌው ጋር ይነጋገር። ደኑ የጸሎት ሥፍራ ነውና ጫማ የሚወለቅበትን፣ ሰው የማይገባበትን፣ ሴቶች የማይገቡበትም ቦታ ካለ ያን ጠይቆ ለቡድኑ ይንገር።

ለ. ቀን። የገበያ ቀን አይሁን። ማረስና ማጨድ የማይፈቀድበት የበዓል ቀን ቢሆን ሥራ አይፈታም፤ ከቅዳሴ በኋላ መነሣት ይቻላል። በዚያ ቀን የምናደርገው ማየትና መቁጠር ብቻ ስለ ሆነ በዓል መሻር አይሆንም። የተሻለው ወር ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው፤ በክረምቱ የበቀለው ቡቃያ ገና በግልጽ ይታያልና። የሚቻል ከሆነ በሚያዝያ ተመልሳችሁ እነዚያኑ ቡቃያዎች ቁጠሩ። ከበጋው ስንቱ እንደ ተረፈ የምታውቁት በዚያን ጊዜ ነው።

ሐ. ሰው። ከ15 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ከዚህ ከበዛ ቡቃያው ይረገጣል፣ ንግግሩም አይሰማም። በቡድኑ ውስጥ የዛፉን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ እንጨትና ውሃ የሚያመጡ ሴቶች መኖር አለባቸው። ልጆቹ ከብቱ በየት እንደሚገባ፣ ሴቶቹም ምንጩ በስንተኛው ወር እንደሚደርቅ ከሌላው ይበልጥ ያውቃሉ።

መ. ዕቃ። በየ10 ሜትሩ ቋጠሮ የታሰረበት የ40 ሜትር ገመድ፤ ሁለት አፉም ታችም የተቆረጡ የቲማቲም ድልህ ወይም የዘይት ጣሳዎች፣ ስፋታቸው እኩል የሆነ፤ የግማሽ ሊትር መለኪያ፤ በጀሪካን ውሃ፤ ደብተርና እርሳስ፤ ሰዓት ወይም የእጅ ስልክ። ለምሳ ቆሎና ዳቦ ይበቃል፤ ለጾም ቀንም ይስማማል።

ሠ. ጥንቃቄ። እሳት አይነደድ፤ ሲጋራም አይጨስ። የማታውቁትን ፍሬ አትቅመሱ። እጃችሁን ወደ ድንጋይ ክምርና ወደ ግንድ ቀዳዳ አታግቡ፤ እባብ ሊኖር ይችላል። አጋምና ቆንጥር እሾሃቸው ክፉ ነውና ልጆችን ከፊት አታስቀድሙ። መንገዱን የሚያውቁ ሽማግሌ ከፊት ይሂዱ፤ የልማት ሠራተኛው ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ከኋላ ይከተል።

4. የጉዞው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ማቆሚያ፤ ከደኑ ውጭ ባለው ግጦሽ ላይ። ወደ ደኑ ከመግባታችሁ በፊት በተራቆተው መሬት ላይ ቁሙ። መሬቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ድንጋይ ወጥቶ ይታያልን? የሣር ሥር ከአፈሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይታያልን? ይህ አፈሩ መሄዱን ያስረዳል። ከአንድ ሄክታር መሬት፣ ማለት ከ4 ጥማድ ገደማ፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያህል አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም 12,000 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ አህያ 60 ኪሎ ቢጭን 200 የአህያ ጭነት ነው። ማንም ገበሬ 200 ጭነት አፈር ከእርሻው አስጭኖ ወደ ተከዜ አይልክም። ጎርፉ ግን ሳይነግረው ይወስድበታል።

ሁለተኛው ማቆሚያ፤ በአጥሩ ወይም በደኑ ዳር። ዙሪያውን ጥቂት ተጓዙ። የፈረሰ ካብ፣ የከብት መግቢያ፣ የእንጨት ለቃሚ መንገድ ያለበትን ቁጠሩና ጻፉ። በዳር ያሉት ዛፎች ከመካከሉ ይልቅ ደርቀው እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ደን የሚጠፋው ከዳሩ ጀምሮ ነውና። ባሕር ዛፍ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነም ልብ በሉ። ባሕር ዛፍ ለማገርና ለገንዘብ ይጠቅማል፤ ቦታው ግን ከምንጭ፣ ከእርሻና ከነባሩ ደን የራቀ መሬት ነው።

ሦስተኛው ማቆሚያ፤ ከትልቁ ጽድ ሥር። እዚህ ዝም ብላችሁ ለጥቂት ጊዜ ቁሙ። ነፋሱ እንደ ቀዘቀዘ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያም ወደ ላይ ተመልከቱ። ጽድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ሰማያዊ የሚመስለውን ትንንሽ ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ብቻ ናት። ኮሶም እንዲሁ ነው። ሴቴዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ቁጠሩ፤ የደብሩ የዘር እናቶች እነርሱ ናቸውና። ወይራው ካፈራ ደግሞ ወፎቹን ተመልከቱ። ወፍ የወይራውን ፍሬ ወስዳ ሥጋውን ትበላና ፍሬውን በሌላ ቁጥቋጦ ሥር ትጥለዋለች። እንዲህ በማድረጓ ያለ ደመወዝ የምትሠራ ችግኝ ተካይ ናት።

ለእያንዳንዱ ዛፍ ስሙን ጻፉ። በዋግ አማርኛና ኽምጣኛ ስለሚነገሩ ሁለቱንም ስም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ መዝግቡ። ከስሙ ጋር ጥቅሙን፣ የሚያብብበትንና ዘሩ የሚበስልበትን ወር ጨምሩ። ይህ ዕውቀት በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ያለ ነው፤ ሳይጻፍ ከቀረ አብሯቸው ይሄዳል።

አራተኛው ማቆሚያ፤ የውሃ ፈተና። አንዱን ጣሳ ቅጠል በሸፈነው የደን አፈር ላይ፣ ሁለተኛውን በተረገጠው የከብት መንገድ ላይ ሁለት ጣት ያህል እስኪገባ ተጭናችሁ ትከሉ። በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሩና ውሃው እስኪሰርግ ድረስ ያለውን ደቂቃ ቁጠሩ። በደኑ ውስጥ ያለው ፈጥኖ ሲሰርግ፣ በመንገዱ ላይ ያለው ቆሞ ሲቀር ታያላችሁ። ምክንያቱም በደኑ አፈር ሥርና ትል ቀዳዳ ከፍተውለታል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ምት ያበርድለታል። በመንገዱ ላይ ግን ኮቴ አፈሩን ጠቅጥቆታል፤ ያልሰረገው ውሃ ጎርፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት መነገር አለበት። በአንድ ደብር ዙሪያ ያለ ትንሽ ደን ዝናብ አይጠራም። ሰማይ ሲዘጋ ደኑም ይጠማል። ነገር ግን የወረደውን ዝናብ ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጩና ለታችኛው እርሻ ይሰጣል። በ1977 ዓ.ም. በዋግ የደረሰውን ረሃብ ያዩ ሽማግሌዎች ከቡድኑ ጋር ካሉ፣ በዚያ ዘመን የትኛው ምንጭ እንዳልደረቀ፣ ከዱር ፍሬም የትኛው ልጆችን እንደ ደገፈ ይናገሩ። ወጣቶች ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያቶቻቸው አፍ ቢሰሙት ይበልጥ ይቀራል።

አምስተኛው ማቆሚያ፤ ቆጠራ። ይህ የቀኑ ዋና ሥራ ነው። በ40 ሜትሩ ገመድ አራት ማዕዘኑ 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ክለሉ። በውስጡ ያሉትን በሦስት ክፍል ቁጠሩ፤

— ቡቃያ፤ ቁመቱ ከጉልበት በታች የሆነ፤
— ወጣት፤ ከጉልበት በላይ ሆኖ ግንዱ ከሰው ክንድ የቀጠነ፤
— ትልቅ፤ ግንዱ ከሰው ክንድ የወፈረ።

አንዱን ቦታ በደኑ መካከል፣ ሌላውን ከብት በሚገባበት ዳር ክለሉና ሁለቱን አነጻጽሩ። የአንዱን ዛፍ ቡቃያ ከሌላው አትደባልቁ፤ ክትክታው ብዙ ሆኖ ወይራው አንድም ላይኖር ይችላልና።

5. ቆጠራው ምን ያስተምራል?

ቡቃያው ከወጣቱ፣ ወጣቱም ከትልቁ የበዛ እንደ ሆነ ደኑ ጤነኛ ነው። ጥበቃውን ሳታቋርጡ ቀጥሉ።

ቡቃያው ብዙ ሆኖ ወጣት የሌለ እንደ ሆነ ዘሩ ይበቅላል፤ ነገር ግን ሳያድግ ይበላል ወይም በበጋው ይደርቃል። መድኃኒቱ አጥር ነው።

ቡቃያም ወጣትም ጠፍቶ ትልቁ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ግን ነገሩ አስጊ ነው። አጥር ብቻ አይበቃም፤ ዘር ለቅሞ ችግኝ አፍልቶ መመለስ ያስፈልጋል። ይህንንም ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ማድረግ ይገባል። ከወደቁ በኋላ የሚለቀም ዘር አይገኝም።

6. ከጉዞው በኋላ

በመጨረሻ በጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ምሳችሁን ብሉ፤ የተጻፈውም ይነበብ። ስለ ሁሉም ነገር ብዙ ተናግሮ ከመበተን አንድ ሥራ መርጦ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ካሉት ለቆጠራችሁ የሚስማማውን ምረጡ።

አንደኛ፤ አጥር። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ ደብሮች ምእመናኑ ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደናቸው ዙሪያ ካብ ክበዋል። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። በዋግ ድንጋይ አናጣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ሥራው በደቦ ቢደረግ ይቀላል። ካብ እስኪደርስ ድረስ የፈረሰው በር በእሾህ ይዘጋ።

ሁለተኛ፤ የግጦሽ ደንብ። «ከብታችን በበጋ ምን ይብላ?» ማለታችሁ ተገቢ ጥያቄ ነው። በተከለለው ቦታ ከብት አይገባም ማለት ሣሩ ይባክናል ማለት አይደለም። ሣሩ በጊዜው ታጭዶ በቤት ይከመራል፤ ለማን ስንት ሸክም እንደሚደርስ በደንብ ይወሰናል፤ አቅመ ደካሞችና አባወራ የሌላቸው ቤቶችም ድርሻቸው ይጠበቃል። ደንቡን ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹና ቀበሌው በአንድነት ያውጡት። ከላይ የመጣ ደንብ ብቻውን ከብት አይመልስም።

ሦስተኛ፤ ዘርና ችግኝ። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ጤነኛ ዛፎች ዘር ልቀሙ፤ ለወፉም አስተርፉ። የወይራውን ፍሬ ሥጋ አጥባችሁ አስወግዱ። ጠንካራውን ቅርፊት ውስጡን ሳትጎዱ ቀስ ብላችሁ ብትሰነጥቁት ቶሎ ይበቅላል። በግራር ዘር ላይ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ በዚያው ውሃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይደር። ችግኙን ክረምቱ ገብቶ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ትከሉ፤ በተዳፋት ላይ ከሆነ ከታች በኩል ግማሽ ክብ የውሃ ማቆሪያ ሥሩለት።

በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ምክር አለ። በትግራይ ደጋ በተደረገ ጥናት የወይራ ቡቃያ በገላጣ ሜዳ ላይ ከሚሆን ይልቅ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲሆን በተሻለ ሁኔታ እንደሚተርፍ ታይቷል። ቁጥቋጦው ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ እሾሃማ ከሆነ ከፍየልም ይሸሽገዋል። ስለዚህ መሬት ለማጽዳት ብላችሁ ደደሆውንና አጋሙን አትመንጥሩ። ሞግዚቱን አባርሮ ልጁን ማሳደግ አይቻልም።

አራተኛ፤ ንብ። ዋግ በማሩ የታወቀ አገር ነው። ከደኑ ዳር ቀፎ የሚሰቅል ሰው አበባው እንዳይጠፋ ከሌላው ይበልጥ ይጠብቃል። ማሩም ለጠባቂው ዋጋ ይሆነዋል። ቀፎ ሲቆረጥ ግን እሳቱ ወደ ደኑ እንዳይዛመት ጥንቃቄ ይደረግ።

7. በቡድን የሚመለሱ ጥያቄዎች

1) በቆጠራችን ቡቃያው የጠፋው የትኛው ዛፍ ነው? የዘር እናቶቹስ ስንት ቀርተዋል?
2) ከብት የሚገባው በስንት በር ነው? የማን ከብት ነው? ባለቤቱን ሳናስቀይም እንዴት እንነግረዋለን?
3) የውሃ ፈተናው በእርሻችን ላይ ቢደረግ እንደ ደኑ ይሰርጋል ወይስ እንደ መንገዱ ይቆማል?
4) ከአራቱ ሥራዎች የትኛውን እንጀምራለን? የሚመራውስ ማን ነው?

የልማት ሠራተኛው መልሱንና የተቆጠረውን በሁለት ደብተር ይጻፍ። አንዱ በደብሩ፣ ሌላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ገመድ ደግማችሁ ቁጠሩ። ቡቃያው ጨምሮ እንደ ሆነ ሥራችሁ ፍሬ ሰጥቷል፤ ቀንሶ እንደ ሆነ ምክንያቱን ፈልጉ።

እነዚህን ጽዶችና ወይራዎች የዛሬ ሰው አልተከላቸውም፤ አያቶቻችን ጠብቀው ያቆዩልን ናቸው። ለልጅ ልጆቻችን የምናቆየው ግን የቆመውን ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ከሆነ ብዙ አላቆየንላቸውም። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ደብሩ ስትሄዱ ከጥላው ሥር ከመቀመጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከትልቁ ወይራ አጠገብ የጣት ርዝመት ያለው ወይራ ካገኛችሁ እንዳይረገጥ በሦስት ድንጋይ ክለሉት። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።